ተጨማሪ ኃይል

ሻረው ስልክ ላይ ቀስ ብሎ ማውራት አልፈጠረበትም። ደባርቅ ላይ ቆሞ «ሃሎ!» ካለ ዳባት ያለው ሰው ያለ ስልክ ይሰማዋል እያሉ ያሾፉበታል። ሚስቱ ዕፀገነት ስንቴ መከረችው! «አንተ ሰው፣ ጊዜው ጥሩ አይደለም፤ ሰው ምን ይለኛል አትልም?» ትለዋለች። እሱ እቴ! ኔትወርኩ በደከመ ቁጥር ይብስበታል። ድምፁን ከፍ ካደረገ መስመሩ የሚጠራለት ይመስለዋል።

ሞኝ አይደለም እኮ። ኮምፒውተር ሲጠግን ብታዩት እጁ የተባረከ ነው። ያልታደለው አፉ ነው። ይኸው አፉ ነው ያን ዕለት በጠራራ ፀሐይ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሊያስበላው የነበረው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሻረውና ዕፀገነት ደባርቅ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግኑባት አንዲት ክፍል ሱቅ አለቻቸው። የዱር አራዊት የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ሥራ ሰጧቸው። ከቡይት ራስ በላይ ገደል ለገደል የታሰሩ ካሜራዎች ያነሱት ፎቶ ነው፤ ፎቶ ብቻ አይባልም፣ የፎቶ መዓት! አብዛኛው ነፋስ ያወዛወዘው ሣር ነው፤ አልፎ አልፎ ዋልያ፣ አልፎ አልፎ ቀይ ቀበሮ አለበት። አውሬውን ከሣሩ የሚለይ ማሽን ሥሩልን አሏቸው። እንዲህ ያለውን ሥራ ተራ ኮምፒውተር ቢጀምረው እስከ ልጅ ልጅ አይጨርሰውም። ስለዚህ አራት ግራፊክስ ካርድ ባንድ ማዘርቦርድ ላይ ሰክተው፣ አራቱ ተጋግዘው እንዲሠሩት ለማድረግ ተነሱ።

ስም ማውጣት የዕፀገነት ነው። ማዘርቦርዱን «እናትየዋ» አለቻት፤ ስሟስ እሱው አይደል? አራቱን ካርዶች ደግሞ «ልጆቹ» አለቻቸው። እነሱ ገና ልጅ አልወለዱም፤ ስሙ አምሯት ይሆናል። ካርዶቹ ሥራ ሲጀምሩ «ልጆቹ ተነሱ» ትላለች፤ ሲጠፉ «ልጆቹ ተኙ»። ቤት ውስጥ ሲባል ያስቃል።

ችግሩ የመጣው ከማጥባቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ኮረንቲ ከሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ በራሱ ገመድ ይመገባል፤ ያ ብቻ ግን አይበቃውም፣ ከተሰካበት ቀዳዳ በኩል ከእናትየዋም ይጠባል። አንድ ሲሆን ግድ የላትም። ሁለት ሲሆኑም ትችላለች። አራት ሆነው ባንዴ ሲነሱባት ግን የምትሰጠው አጣች። ከየት ታምጣ? እሷ ራሷ የምትቀበለው ባንድ ዋና መሰኪያ ነው። ማሽኑ ድርግም አለ። መጀመሪያ የከተማውን መብራት ረገሙ። ደግመው ሲሞክሩት ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ቀጭን ጭስም ወጣ። ነቅለው ሲያዩት የዋናው መሰኪያ ጠርዝ ጠቁሯል። እናትየዋ በእግዜር ቸርነት ተረፈች። ያኔ ነው ዕፀገነት ከካርዶቹ አጠገብ ባዶውን የተቀመጠ ሶኬት ያየችው። ለካስ ብዙ ካርድ ሲሰካ ለእናትየዋ ተጨማሪ ኃይል የሚገባበት እሱ ኖሯል! የነሱ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ለዚያ የሚተርፍ ገመድም የለው፣ ለአራቱ የሚበቃ አቅምም የለው።

ትልቁ ፓወር ሰፕላይ ከጎንደር ታዘዘ። የጫነው መኪና ግን ዳባት ደርሶ «ከዚህ ወዲያ ንቅንቅ አልልም» አለ። አይፈረድበትም፣ ያን ሰሞን መንገዱ ያስፈራ ነበር። ሻረው ራሱ ሄዶ ተቀበለ። ዕቃው ጥቁር፣ ከባድ የብረት ሳጥን ነው፤ ካንድ ጎኑ የገመድ ጥቅል ተግተልትሏል። ካርቶኑ ስለሚያብረቀርቅ ሌባ ዓይን እንዳይገባ ብሎ እዚያው ጣለውና፣ ሳጥኑን በአሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ እግሩ ሥር አደረገው። ብልጥ መሆኑ ነው!

ወቅንን እንዳለፉ ስልኩ ጠራ። ዕፀገነት ናት።

«ሃሎ! … ዕፀ! አይሰማም! … እ? እነማን መጡ? ሰዎቹ? … እንዳታስነሺያቸው! ልጆቹን እንዳታስነሺያቸው ነው የምልሽ! አራቱም ባንዴ ከተነሱ እናትየዋ ትቃጠላለች! … አዎ፣ ትቃጠላለች! ያለፈው ጭስ አልበቃሽም? … ተጨማሪ ኃይል ይዤ እየመጣሁ ነው! ኃይል! ተጨማሪ ኃይል! ዛሬውኑ ይገባል! … ሰዎቹ ግድ ካሉሽ ሁለቱ ይነሱ፣ ሁለቱ አርፈው ይቀመጡ! … እኔ ሳልደርስ ማንም ምንም እንዳይነካ! ሃሎ? ሃሎ!»

መስመሩ ተቋረጠ። ሻረው ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ የልቡን እንደተናገረ ሰው ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

ጸጥታውን ወዲያው አላስተዋለውም። መጀመሪያ ያስተዋለው የሬዲዮኑን መጥፋት ነው። ከዳባት ጀምሮ ሲዘፍን የመጣው ሬዲዮን የለም። ከዚያ ረዳቱን ደርቤን አየ። ደርቤ መንገዱን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲላከፍና ሲያስቅ የመጣ ሰው ነው፤ አሁን በሩን ይዞ ውጭ ውጭውን ያያል። ከፊት የተቀመጠች ሴት ልጇን ከጎኗ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና ራሷን በነጠላዋ ሸፈነቻት። ከሻረው ጎን ያለው ጋቢ የለበሰ ሰውዬ በማይሰፋው ወንበር ላይ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ አለ።

«ምን ሆኑ?» ብሎ አሰበ ሻረው። ከዚያ ያለውን ሁሉ ቃል በቃል ለራሱ ደገመው።

በዚያን ጊዜ በዚያ አገር «ልጆቹ» ሲባል እነማን እንደሆኑ የማያውቅ የለም፤ ጫካ የገቡት ናቸው። «ኃይል ይገባል» ሲባልም ማን የመብራቱን ኃይል ያስባል? ጠመንጃ ያነገተ ነው የሚታየው። ልጆቹ ይነሳሉ፣ እናት ትቃጠላለች፣ ጭስ ነበር፣ ተጨማሪ ኃይል ዛሬውኑ ይገባል፣ ይዞት የሚመጣውም እኔ ነኝ ይላል። እግሩ ሥር ደግሞ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አለ! ሻረው ክው አለ። ቆሌው ተገፈፈ።

«ኮምፒውተር…» አለና ሊስቅ ሞከረ። «ኮምፒውተር ነው እኮ የምንሠራው። ልጆቹ ያልኩት…»

የሳቀለት የለም። ጋቢ የለበሰው ሰውዬ ፊቱን ሳያዞር፣ በጣም በትሕትና፣ «እኛ ምንም አልሰማንም፣ ወንድሜ» አለው።

ከዚህ የባሰ ምን ያስፈራል? «ምን አልክ አንተ!» ብሎ ያፈጠጠበት ቢኖር ይሻለው ነበር፤ ያስረዳው ነበር። አልሰማንም ለሚል ሰው ምን ይባላል? ልውረድ ብሎ አሰበ፤ ከመንደር በራቀ ሜዳ ላይ ከረጢት ተሸክሞ የሚወርድ ሰው ምን ሊባል ነው? ከረጢቱን በመስኮት ልወርውረው ብሎ አሰበ፤ እሱስ ምን ሊባል ነው? ከፊታቸው ኬላ አለ። ሁሌም አለ። እዚያ ሁሉም ይወርዳል፣ ሁሉም ይፈተሻል፣ ስልክም ይታያል። ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ አንዱ ዓይኑን ወደሱ ጣል ቢያደርግ አበቃለት። እንዲህ ተብለው የተወሰዱ ሰዎች ያውቃል። የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም፤ ዘመድ ከበር በር ሲንከራተት ነው የሚታየው። ዕፀገነትን በዓይነ ሕሊናው አያት፣ ፎቶውን ይዛ «ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፣ ምንም አያውቅም» እያለች ስትለምን። ፊቱ እንዳይታይበት ወደ መስኮቱ ዞረ።

ኬላው ደረሰ። በመንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል። «ወንዶች ውረዱ፣ መታወቂያ አውጡ!» ተባለ። ወረዱ። ሻረው የሚኒባሷን በር ይዞ ነው የቆመው። ከፊቱ ጋቢ የለበሰው ሰውዬ ተፈተሸ።

«መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀው ፈታሹ። ወጣት ነው፤ ፀሐይ ፊቱን ልጦታል።

«ሰላም ነው» አለ ሰውዬው። ሻረው ትንፋሹን ዋጠ።

ሌላኛው ፈታሽ ሚኒባሷ ውስጥ ገብቶ ዕቃ ሲያገላብጥ ቆየና ከረጢቱን እየጎተተ ወጣ። አፉን ፈታው። ጥቁሩ ሳጥን ከነገመዱ ታየ። ወደኋላ አንድ እርምጃ አለ።

«የማነው ይሄ?»

ሴቶቹ በመስኮት ያያሉ። ደርቤ ጎማውን ያያል።

«የኔ ነው» አለ ሻረው።

ወጣቱ ፈታሽ መታወቂያውንና ስልኩን ተቀበለው። «ምንድን ነው?»

«ፓወር ሰፕላይ።»

«በአማርኛ ንገረኝ እንጂ።»

ወይ መከራ! በአማርኛ ምን ብሎ ይንገረው? ከወቅን እስከዚህ ያቺን ቃል ላለማሰብ ሲታገል ነው የመጣው፤ አሁን አፉ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ሌላ ቃል ፈለገ፤ ያወቀውን አማርኛ ሁሉ አጣው። ዕድሜ ልኩን ቀስ ብሎ መናገር ያቃተው ሰው፣ አሁን ድምፁ ከጥርሱ አላልፍ አለው።

«የ… የኃይል ማቅረቢያ» አለ።

«ኃይል?» የፈታሹ ፊት ተለወጠ። «ኃይል ነው የምታቀርበው? ለማን?»

«ለ… ለእናት…»

ቦርድ የሚለውን ሳይጨምር ምላሱ ተሳሰረ። ፈታሹ የጠመንጃውን ማንገቻ ወደ ፊት ሳበ። ጓደኛውን «ና እስቲ ወደዚህ» ብሎ ጠራው።

«ለኔ ነው!» የሚል ድምፅ ከሚኒባሷ ውስጥ ወጣ።

አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመዋል። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ የጠቆረ ማዕተብ ያሰሩ። ጤናዬ ይባላሉ፤ ሻረው ግን ያኔ ስማቸውንም አያውቅ፣ ከዚያ በፊትም አይቷቸው አያውቅ። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ነው የመጡት።

«ለእናት አለህ እኮ፤ እናቱ እኔ ነኝ» አሉ። «የወፍጮ ዕቃ ነው። መብራቱ እየተዋዠቀ ወፍጮዬን አቃጥሎ ጨረሰብኝ። ልጄን ዕቃ ፈልግልኝ ብዬ አስከትዬው ሄጄ ነው። ምን አጠፋን?»

ሻረው ፍዝዝ ብሎ አያቸው። እናቱ የሞተችው ገና ተማሪ ሳለ ነው።

«ልጅዎ ነው?» አለ ፈታሹ።

«ታዲያስ! የጎረቤት መሰለህ?»

ፈታሹ መታወቂያውን በመዳፉ ሸፈነው። «ስሙ ማን ነው?»

በቃ፣ አለ ሻረው በልቡ። አሁን ሁለታችንም አለቅን። ለራሱ የፈራው አንሶት አሁን ለሳቸው ፈራ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ልደቱ» አሉ እማማ ጤናዬ ሳያቅማሙ።

«እዚህ ላይ ሻረው ነው የሚለው።»

«ሻረው ያሉት አባቱ ናቸው። እኔ ልደቱ ብዬ ነው ያሳደግሁት፣ ልደቱ ብዬ ነው የምጠራው። እስቲ አንተን እናትህ በመታወቂያህ ስም ነው የምትጠራህ?»

ወጣቱ ሳያስበው ፈገግ አለ። ፀሐይ የላጠው ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ። «እኔንማ ስጦታ ነው የምትለኝ» አለ። መታወቂያውን ሊመልስ እጁን ዘረጋ።

ስልኩ ጠራ።

በፈታሹ እጅ ውስጥ ነው የጠራው። «ዕፀ» የሚል ስም በራበት። ዕፀገነት አንድ ጊዜ ከተቋረጠባት ሁለት ሦስቴ ሳትደውል አታርፍም፤ ይህን ሻረው እንዴት ረሳው? አሁን ታነሳዋለች። አራቱንም ላስነሳቸው ወይ፣ እናትየዋ ትችላለች ወይ፣ ኃይሉ የት ደረሰ… እመብርሃን፣ ድምፁን አጥፊው፣ ኔትወርኩን አጥፊው፣ አለ።

«ማናት?»

«ባለቤቴ።»

ፈታሹ አነሳና ከጆሮው ሳያደርስ በድምፅ ማጉያው ለቀቀው። ኔትወርኩ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ የዕፀገነት ድምፅ፣ አንዴም እንዲህ ጠርቶ አያውቅም፣ ለሰው ሁሉ ተሰማ።

«ሃሎ ሻረው? አታስብ፣ ሰዎቹን ሸኘኋቸው። ልጆቹን አስተኝቻቸዋለሁ። አራቱም ተኝተዋል፣ ሰላም ናቸው። ቀስ ብለህ ና።»

ፈታሹ ስልኩን ዘጋው። የሚስት ድምፅ፣ የተኙ ልጆች፣ ወፍጮ ያላት እናት። «አራት አደረስክ?» አለው ለሻረው። «ወልደሃል። በሉ ግቡ።»

ሻረው ከረጢቱን ሲያነሳ ገመዶቹ አልገባ አሉት። ደርቤ መጥቶ አስገባለት። እማማ ጤናዬ ግን በሩ ላይ እንደቆሙ ናቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሻረው ድካሙ ነው ብሎ አሰበ።

ሚኒባሷ ስትነሳ እማማ ጤናዬ አጠገቡ መጥተው ተቀመጡ። ጋቢ የለበሰው ሰውዬ ሳይጠየቅ ቦታውን ለቆላቸዋል።

«እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ ሻረው፣ በሹክሹክታ። «ነፍሴን ነው ያተረፏት።»

«ወደኔ አትዙር። መስኮት መስኮቱን እያየህ ስማኝ» አሉት። «ልደቱ ልጄ ነው። ሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እሄዳለሁ ብሎኝ ወጣ። የሰሊጡ ወራት እኮ አልፎ ነበር! አልፏል አላልኩት። እንዳወቅሁበትም ያውቃል። እግሬን ስሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።»

ሻረው አሁን ገባው። ለምን እንዳዳኑት ገባው። ደስታው ሁሉ ከሆዱ ውስጥ ተሟጦ አለቀ።

«እማማ፣ እኔ እንዳሰቡት አይደለሁም። ይሄ የኮምፒውተር ዕቃ ነው። ልጆቹ ያልኩት ሰው አይደለም፤ እናትየዋም ሰው አይደለችም። ይኸው ላሳይዎት» ብሎ ወደ ከረጢቱ አጎነበሰ።

እጁን ያዙት። እጃቸው በረዶ ነው። «አታሳየኝ። ያላየሁትን ቢገርፉኝም አልናገር። ኮምፒውተር ነው በል፣ ጥሩ ነው፣ እንዲያ ነው የሚባለው። እሱም ሰሊጥ ነው ብሎኛል።»

«እማማ በእግዚአብሔር…»

«ስማኝ እንጂ። ሁለቱ ይነሱ፣ ሁለቱ አርፈው ይቀመጡ ስትል ሰማሁ። አንተ ታዝዛለህ ማለት ነው። የኔ ልጅ ከነሱ አንዱ ይሁን፣ አይሁን አላውቅም። ከሆነ ግን እባክህ ከሚቀመጡት አድርግልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ከሚቀመጡት አድርግልኝ።»

ኬላው ላይ የፈራው ምን ነበር? አሁን ያንን ፍርሃት መልሰህ ውሰድ ቢባል በወደደ። ጠመንጃ ከያዘው ፊት አንድ ቃል ጠፋው፤ ከኚህ እናት ፊት ግን ቃል ሁሉ አለው፣ አንዱም አይሠራም። እውነቱን ቢናገር እንደ ምሥጢር ይቆጠርለታል። ውሸቱን ቢናገር ውሸት ነው።

«ደግሞ ያቺ ሴት» አሉ እማማ ጤናዬ፣ ድምፃቸው ተሰበረ። «አራቱም ተኝተዋል አለችህ። በናንተ ተኙ ማለት ምንድን ነው?»

«ተኙ ማለትማ… ምንም አይደለም፣ አረፉ ማለት…»

አይ አፍ! አይ ይሄ አፍ! ቃሏ ከወጣች በኋላ ነው የሰማት። አረፉ! ለሞተ ሰው የሚባለውን! ሊመልሳት እጁን አየር ላይ ሁሉ አወናጨፈ። እማማ ጤናዬ ግን ሰምተዋል። አልጮሁም። «ወደኔ አትዙር» ያሉት እሳቸው፣ ዞረው ፊት ለፊት አዩት።

«በሕይወት አለ በለኝ» አሉት። «ማልልኝ።»

በዚህ አገር ይህ ጥያቄ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሞት ፊት ለፊት አይነገርም። ትንሽ አሞት ነው፣ ተሽሎታል፣ ሆስፒታል ገብቷል እየተባለ ቀን ይገፋል። የጠረጠረች እናት ታዲያ መጨረሻ ላይ ማልልኝ ትላለች። የሞቱን ያወቀ ሰው አይምልም፤ ይንተባተባል፣ «እኔ ምን አውቄ» ይላል፣ ወሬ ያስቀይሳል። እናትየዋም ከዚያው መርዶዋን ሰምታ ጩኸቷን ትለቃለች። ሻረው የእናቱን ሞት ለአያቱ ሲነግሩ ይህን በዓይኑ አይቷል። አሁን እውነቱን ልናገር፣ «ልጅዎን አላውቀውም» ልበል ቢል፣ ቃል በቃል ያው መርዶ ነው። እዚሁ ሚኒባስ ውስጥ፣ ባንድ ቃል፣ የማያውቀውን ልጅ ገደለው ማለት ነው።

ሐሰት ምሎ አያውቅም። በሐሰት የማለ ሰው ምን እንደሚያገኘው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ነው ያደገው፤ ያምንበታልም። ስለ ልደቱ የሚያውቀው አንድ ነገር የለም። በሕይወት ይኑር፣ አይኑር፣ ከየትኛው ገደል ሥር እንደወደቀ፣ ወይ ዛሬ የትኛው ዛፍ ሥር እንደተቀመጠ አያውቅም። ፍረዱበት እንግዲህ፤ እኔ አልችልም።

«እመብርሃንን፣ በሕይወት አለ» አለ።

«ከሚቀመጡት ነው?»

«ከሚቀመጡት ነው።»

እማማ ጤናዬ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ቆዩ። ትከሻቸው ወረደ። ሻረው እጁን አየው፤ የተለየ ነገር የወጣበት መስሎት ነው ያየው። ሰማዩንም አየ። ምንም አልሆነም፣ መንገዱ ይሄዳል፣ ደርቤ ሒሳብ ይሰበስባል።

ደባርቅ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ሻረውን እንዳላየ እያለፈ ወረደ። እማማ ጤናዬ ግን የሹራቡን እጅጌ ያዙት።

«ብርዱ አይቻልም እዚያ ላይ። የሱፍ ሹራብ ሠርቼለት የምልክበት ሰው አጥቼ ቤት ተቀምጧል። በገበያ ቀን አመጣልሃለሁ፤ ታደርስልኛለህ። የት ነው የማገኝህ?»

አሁን ሌላ ሰፈር መንገር ይችላል። ባዶ ሜዳ ቢነግራቸው ፈልገው ፈልገው ይቀሩ ነበር። ሊነግራቸውም አስቦ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ካልሆነማ በየገበያው ቀን መምጣታቸው ነው፤ ሹራቡን ሰጥተው «ለበሰው ወይ?» ሊሉ ነው፣ ከዚያ ካልሲ፣ ከዚያ ድርቆሽ፣ ከዚያ «አሁንስ ማልልኝ»። ደጋግሞ እየማለ፣ እየፈራ ሊኖር ነው። ልደቱ አንድ ቀን በእግሩ እስኪመጣ፣ ወይም እውነተኛው መርዶ እስኪመጣ ድረስ።

«ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ሰማያዊ በር ያላት ኮምፒውተር ቤት አለች» አላቸው። «ሻረው ብለው ይጠይቁ።»

«ኮምፒውተር ቤት» አሉ እማማ ጤናዬ፤ ምሥጢር እንደያዘ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እንዳይጠፋቸው ለራሳቸው እየደገሙ ወረዱ፤ «የልደቱ ሹራብ፣ ለሻረው። የልደቱ ሹራብ፣ ለሻረው።»